«ሃሉን ንገሪን»፦ በማክራን ዳርቻ ከባሉቾች ጋር

በኦማን ዋና ከተማ በሙስካት የኖረ ሐበሻ ከባሉች ሕዝብ ጋር ሳይተዋወቅ አይቀርም። መጥራሕ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ልብስ የሚሰፋው፣ ዓሣ የሚሸጠው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ወታደር የሆነው፣ ቤቱ ሲገባ ከእናቱ ጋር የሚያወራው ብዙ ጊዜ በባሉቺ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ከባሕሩ ማዶ የመጡ ናቸው። የኦማን ሱልጣኖች ወታደር ሲፈልጉ ከእነሱ ይመለምሉ ነበር። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለችው የግዋዳር ወደብ እንኳ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኦማን እጅ ነበረች። ፓኪስታን የገዛቻት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው።

እኔም ክሊኒክ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ባሉች ጓደኛ አለችኝ። የአክስቷ ልጅ ሲዳር «እህቴ፣ ነይ አብረን እንሂድ» አለችኝ። አላቅማማሁም።

አውሮፕላኑ የኦማንን ባሕር ተሻግሮ ኢራን ውስጥ ኮናራክ ላይ ያርፋል። የቻባሃር ከተማ በባሕረ ሰላጤው በሌላኛው ወገን ነው። ከዚያ በመኪና ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፓኪስታን ድንበር አቅጣጫ ሄድን። መንገዱ ዳር «የማርስ ተራሮች» የሚሏቸው አሉ። ግራጫ ናቸው፤ ዛፍ የሚባል የለባቸውም። ዝናብና ነፋስ እንደ ቀሚስ ሸንሽኗቸዋል።

ይህ ዳርቻ ማክራን ይባላል። ባሉቾች በኢራን፣ በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን ተከፋፍለው ይኖራሉ። በኢራን በኩል ያለውን ድንበር ያሰመረው ጎልድስሚድ የሚባል የእንግሊዝ ጄኔራል የመራው ኮሚሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1871። ጓደኛዬ ቤተሰብ ውስጥ የሦስት አገር ፓስፖርት የያዙ ሰዎች አንድ ትሪ ከበው ሲበሉ አየሁ። ለእነሱ ያ መስመር ቪዛ ማስመቻ እንጂ ዘመድ መለያ አይደለም።

ያረፍንበት መንደር ባሁ ካላት አካባቢ ነው። ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥን ውኃ መጣ። ቀጥሎ ሄል ያለበት የወተት ሻይ፣ ቀጥሎ ቴምር። ማንም ምንም አልጠየቀንም። እስክንጠጣ ጠበቁን። ከዚያ የጓደኛዬ አያት ትራሳቸውን ደገፍ አሉና «በይ ልጄ፣ ሃሉን ንገሪን» አሏት።

ሃል የባሉቾች የወሬ ሥርዓት ነው። እንግዳ ከየት እንደመጣ፣ በየት እንዳለፈ፣ ምን እንዳየና ምን እንደሰማ ይናገራል። ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት አለ? ማን ሞተ? ማን ወለደ? የትኛው መንገድ ተዘጋ? ሲናገር አይቋረጥም። ሲጨርስ «የእናንተስ?» ይላል። ያኔ ባለቤቶቹ ተራቸውን ይጀምራሉ። የአፋሮችን ዳጉ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከብት ይዞ በደረቅ ምድር ለሚዞር ሰው ወሬ ሕይወት ነው። በውሸት ወሬ የተነዳ መንጋ ውኃ የሌለበት ሄዶ ያልቃል።

በማግስቱ አንድ ዘመዳቸው ከተራራው ወረደ፤ እረኛ ነው። እግሩ ላይ ከዱር ዘንባባ ቅጠል የተጎነጎነ ጫማ ነበር። ሱሪው በጣም ሰፊ፣ ጥምጥሙ በአቧራ የከበደ። ግቢው ውስጥ ያሉት ወንዶች በሙሉ ተነሥተው ተራ በተራ ጨበጡት። ከዚያ «አንተ ጀምር»፣ «የለም፣ እናንተ ትበልጣላችሁ» እየተባባሉ ተግደረደሩ። በመጨረሻ እሱ ጀመረ። ድምፁን አልቀየረም፣ አልቸኮለም። የፍየሎቹን ወሬ፣ የታመመች ግመል፣ አንድ ቀብር፣ አንድ ልደት፣ መንገድ ላይ ያለ ኬላ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አወረደው። ደረት ኪሱ ውስጥ ስማርት ስልክ አለው። ዋትስአፕ ይጠቀማል። የቀብሩንም ወሬ ቀድመው በስልክ ሰምተውት ነበር። ግን ሰው በአካል መጥቶ እስኪነግራቸው እንደ አዲስ ጠበቁት። እኔ ይህን በጣም ወደድኩት።

ከተናገረው ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው ውኃ ነው። እዚህ ብዙ መንደሮች ውኃ የሚያገኙት ሁታግ ከሚሉት የተቆፈረ ኩሬ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ይሞላዋል። ከዚያ ሰውም ከብትም ከዚያው ይጠጣል። እንዳየሁት ውኃው ሻይ በወተት ይመስላል፤ ዳሩ ጭቃ ነው፣ ያንሸራትታል። ውኃ ሊቀዱ ሄደው እዚያ የሰጠሙ ልጆች አሉ። ነዳጅ ባላት አገር፣ ትልቅ ወደብ በሚገነባበት ወረዳ፣ ልጅ ለአንድ ጄሪካን ውኃ ሲሞት እጅግ ያሳዝናል፤ ያናድዳልም።

ወንዙና ኩሬው ውስጥ ደግሞ ጋንዶ አለ። አዞ ነው። ባሉቾች አይገድሉትም። ጋንዶ ያለበት ውኃ በረከት አለው ብለው ያምናሉ፤ ጋንዶ ከሄደ ውኃውም ይሄዳል ይላሉ። ሰው የነከሰበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም አልጠሉትም። በድርቅ ወራት ሥጋ የሚወረውሩለት አሉ። ኢራን ውስጥ ይህ እንስሳ እስከ ዛሬ የተረፈው በጥበቃ ሕግ ብቻ አይመስለኝም።

አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ከሴቶቹ ጋር ነው፤ እነሱም ሲያወሩ ይጠልፋሉ። ቀሚሳቸውን ፓሽክ ይሉታል። ሰፊና ረጅም ነው። የሚጠለፈው ደረቱ፣ ሁለቱ የእጅጌ ጫፎችና ከወገብ እስከ ታች የሚወርደው ትልቅ ኪስ ነው። ኪሱ ለጌጥ ብቻ አይደለም። የጓደኛዬ አክስት ከዚያ ውስጥ ቁልፍ፣ ስልክ፣ የልጆች ከረሜላ፣ መቀስና አምስት ጥቅል ክር ሲያወጡ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ሥራው በቅርብ ሲታይ ያስደነግጣል። ጨርቁ ላይ ንድፍ የለም። አክስትየው የጨርቁን ክሮች በዓይናቸው እየቆጠሩ መርፌውን ይሰዳሉ። ቀዩ ይበዛል፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በየቦታቸው ይገባሉ። ጥሩ ሥራ ከሆነ አንድ ልብስ ወራት ይፈጃል፤ ዓመት የሚፈጅም አለ። ማህታብ ኖሩዚ የምትባል የባሉች ጠላፊ በዚህ ሥራ ስሟ በኢራን ገንኗል። የኢራን የመጨረሻዋ ንግሥት ፋራህ ፓህላቪም በባሉች ጥልፍ የተሠሩ ቀሚሶችን ይለብሱ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዋ ሠራተኛ ጨርቁን የምትሸጠው ለደላላ ነው፤ ትርፉ የሚቀረው መንገድ ላይ ነው። የማሽን ጥልፍም ገበያውን ሞልቶታል። መጥራሕ የምትገዙ ካላችሁ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የእጅ ሥራ ጀርባውም ሥርዓት አለው። ዋጋውንም አትከራከሩ።

ሠርጉ ሲደርስ ወጪውን ሙሽራው ብቻውን አልቻለውም፤ እንዲችልም አይጠበቅበትም። ቢጃር የሚባል ልማድ አላቸው። ሙሽራው ወይም የቅርብ ሰዎቹ በየዘመዱ ቤት ይሄዳሉ፤ አንዱ ፍየል፣ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ ሩዝ ይሰጣል። መስጠት ክብር ነው፤ መጠየቅም ነውር የለበትም። የዛሬው ሙሽራ ነገ ለሌላው ይሰጣል። በጉ ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ወርዶ፣ አፉ ተከድኖ ሲበስል ሽታው መንደሩን አዳረሰው። ማታ ከበሮ ተመታ፣ ዙርና የሚሉት የትንፋሽ መሣሪያ ተነፋ። ወንዶቹ ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ጨፈሩ።

ከተጋባዦቹ መካከል መልካቸው ከእኔ የማይለይ ሰዎች ነበሩ። አንዲት እናት «ከሐበሻ ነሽ?» ብለው አቀፉኝ። የማክራን ጥቁር ባሉቾች ቅድመ አያቶቻቸው ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ በባርነት የመጡ ናቸው፤ በዛንዚባርና በሙስካት መርከቦች። ኢራን ባርነትን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ሴትዮዋ ያገኙት ታሪክ ከዚያ የቆየ አይደለም፤ አያታቸው ዘመኑን ያውቁት ነበር። ዛሬ ቋንቋቸው ባሉቺ፣ ልማዳቸው ባሉች ነው። ሌዋ የሚሉት የከበሮ ጭፈራ ግን ከአፍሪካ አብሯቸው የተሻገረ ነው። ከበሮው ሲጀምር ትከሻዬ ሳላዘው ተነሣ።

ስለ ጉዋትም ያጫወቱኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ላይ የሚያድር መንፈስ ነው። የታመመውን ሰው ከሊፋ የሚሉት መሪ ይዞት ይቀመጣል። ሱሩዝ የሚሉትን ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወተው መንፈሱ የሚወደውን ዜማ እስኪያገኝ በደጋን እየገዘገዘ ያፈላልጋል። ሲገኝ ታማሚው መወዛወዝ ይጀምራል። የዛር ቤት ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም። ጢሱን፣ ከበሮውን፣ ውቃቢን አነሣሁላቸው። እስኪመሽ አወጋን።

ሌሊቱን ስለ ሼህ ሙሪድ ተተረከ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በባሉቾች አለቃ በሚር ቻካር ዙሪያ የተሰበሰቡ መኳንንት እየማሉ ይፎካከራሉ። ሙሪድ «ሐሙስ ጠዋት የተጠየቅኩትን ሁሉ እሰጣለሁ» ብሎ ይምላል። ቻካር የሙሪድን እጮኛ ሃኒን ይመኛት ነበርና አዝማሪዎች ልኮ እሷኑ ያስጠይቀዋል። ሙሪድ ቃሉን አላጠፈም፤ ሰጣት። ከዚያ ደርቪሽ የሚሉት መናኝ ሆኖ ዓመታት በባዕድ አገር ተንከራተተ። ወንዶቹ ለቃሉ ታማኝነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴቶቹ በኩል ግን ክርክር ተነሣ። «ሃኒን ማን ጠየቃት?» አለች አንዷ ወጣት። አክስትየውም ደገፏት። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ከመመለሳችን በፊት ወደ ሰሜን፣ ሳራቫን አቅራቢያ ወዳለችው ካልፑረጋን ሄድን። የሸክላ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 የዓለም የእጅ ጥበብ ምክር ቤት የሸክላ ሥራ መንደር ብሎ መዝግቧታል። ሸክላውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ አፈሩን ያመጣሉ፣ በማቃጠሉም ያግዛሉ። የሚሽከረከር መሣሪያ አይጠቀሙም፤ ጭቃውን በእጅ እየጠቀለሉ ይደራርቡታል። ጥቁር ድንጋይ በውኃ አሽተው፣ በቀጭን እንጨት እየነከሩ ነጥብና መስመር ያሳርፉበታል። ነጥቦቹን የተማሩት ከእናታቸው ነው።

እኛም አገር ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች፣ በእጃቸው መሆኑን ነገርኳቸው። «ታዲያ ይከበራሉ?» አሉኝ። ሃል ላይ ውሸት አይነገርም። ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እየተባሉ እንደኖሩ፣ ሠርተው ያበሉትን ሰው ልጅ እንዳያገቡ እንደተከለከሉ፣ ዛሬም ቢሆን ነገሩ ጨርሶ እንዳልጠፋ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ከዚያ ትልቋ እናት ስለ ምጣድ ጠየቁኝ። ስፋቱን በሁለት እጄ ሳሳያቸው ተገረሙ። በጎመን ዘር እንደሚሟሽ ስነግራቸው «ጎመን ዘሩን ላኪልን፣ እንሞክረዋለን» አሉ። ጓደኛዬ በቀጣዩ ወር ስትሄድ አንድ ኪሎ ሰጥቻታለሁ።