የኪስ አጋዘን

ቸርችል ጎዳና ላይ ነው የምሠራው። መስቀል፣ ሀብል፣ ጠገራ፣ የድሮ ሳንቲም የምንሸጥበት ሱቅ ነው። ሰው ሊሸጥልንም ይመጣል። ክረምቱ ሊወጣ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ደግሞ ሻጩ ከገዢው ይበልጣል። የእናት ሀብል ከሳጥን የሚወጣው ያኔ ነው።

ሰውዬው የመጡት በዚያ ሰሞን ነበር። ስልሳ ቢሆናቸው ነው። ከመሃረብ ውስጥ ሁለት ሳንቲም ፈትተው መስታወቱ ላይ አስቀመጡ። አንዱ ጠገራ ነው፣ ማርትሬዛ። 1780 ይላል፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ መቼም ይመታ መቼ፣ ማርትሬዛ ሁሉ 1780 ነው የሚለው። ሁለተኛውን ሳይ ግን እጄን ጠረግኩ።

ባለ 25 ብር ነው፣ የደጋ አጋዘን ያለበት፣ የ1970 ዓ.ም.። የዱር እንስሳት ጥበቃን ለመደገፍ በየአገሩ ስም ከወጡት ሳንቲሞች አንዱ። የወርቁ ባለ 600 ብር ነው፤ እሱ ላይ ያለው ዋልያ ነው። አጉሊ መነጽሬን አነሳሁ። ጣት በማይደርስበት ጥግ ጥግ ላይ መስታወት የመሰለ ነገር ታየኝ። ሚዛን ላይ አደረግኩት። 35 ግራም ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ተራው ወደ 32 ነው የሚመዝነው። ይሄ ፕሩፍ ነው።

ፕሩፍ የሚባለው በአመታቱ ነው። መምቻው ቅርጽም የሚመታው ብርም ይወለወላል፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል፣ ሜዳው፣ ማለትም ምስሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ገጽ፣ እንደ መስታወት፣ ምስሉ እንደ አመዳይ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሰው በባዶ እጁ አይነካውም። ይሄኛው ግን ስንት ዓመት ኪስ ውስጥ ኖሯል። ሜዳው በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል፣ የአጋዘኑ ጎን ለስልሷል። ፕሩፍነቱን አያጣም፤ ሰብሳቢ የሚጨምርለትን ዋጋ ነው ያጣው።

አለቃዬ ሚዛኑን አየት አደረገና «ሁለቱንም በግራም እንይዛለን» አለ። በዋጋው አልዋሸም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ምን እንደያዙ እንኳን ሳይነግራቸው ሒሳብ ማሽኑን አነሳ። እኔ የሰው ዕቃ መጀመሪያ ስሙ ይነገራል፣ ከዚያ ይመዘናል ብዬ ነው የማምነው። ይባስ ብሎ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሳንቲሙን አንስቶ በመወልወያ ጨርቅ ማሸት ጀመረ። «እንዲያበራ ነው» ይላል! ከእጁ ነጠቅኩት። የድሮ ሳንቲም ሲታሽ ቆዳው ነው የሚሄደው፤ አይመለስም።

ሰውዬው ይሄን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ያንቺ ቢሆን ትሸጪዋለሽ?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። አጋዘኑ ከሺህ 925 እጁ ንጹሕ ብር ስለሆነ ከ35 ግራሙ 32 ከምናምኑ ንጹሕ ነው። ጠገራው 28 ግራም ነው፣ ንጹሑ 23 ገደማ። «ጋሼ፣ ገንዘቡ አሁን የሚያስፈልግዎ ከሆነ ይሽጡት» አልኳቸው። «ቢያቆዩት የብሩ ዋጋ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ የሰብሳቢው ዋጋ አይመለስም። ከሳጥኑ ባይወጣ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።»

ይቺ የመጨረሻዋ ናት ጉዱን ያመጣችው። ሳንቲሙን አነሱት።

«አባቴ መሥሪያ ቤታቸው ሸልሟቸው ነው። አንድም ቀን ከኪሳቸው አልወጣም። ሲጨንቃቸው እንዲህ ያሹት ነበር» ብለው አውራ ጣታቸውን አስቀመጡ። የለሰለሰው ቦታ ላይ ልክክ አለ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ አባቴ ናቸው ያበላሹት ማለት ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ስለ ሳንቲሙ ከሆነ ልክ ነኝ። ዛሬም ሰብሳቢ ቢጠይቀኝ ያንኑ ነው የምመልሰው። እኛ ጋ «ተበላሽቷል» ቀኑን ሙሉ የሚባል ቃል ነው፤ ቀለበቱም ይበላሻል፣ መስቀሉም ይበላሻል፣ ማንም አይከፋውም። እሳቸው ግን ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ያን ቀን ወደ ሜክሲኮ ስወርድ ታክሲ ውስጥ መልሱን ደጋግሜ ስቀይረው ነበር። «ለሰብሳቢ ነው እንጂ» ብል ኖሮ። «አባትዎ ወደውት ነው» ብል ኖሮ። አባታቸው እኮ ሳንቲም ሰብሳቢ አልነበሩም፤ የተሰጣቸውን ነገር የወደዱ ሰው ነበሩ። ይሄን ለማሰብ አንድ ደቂቃ እንኳን አይፈጅም ነበር። አሁን ማንም እንዲህ ያለ ሳንቲም ይዞ ቢመጣ «ተይዟል» ነው የምለው። ዋጋው ላይ ለውጥ የለውም።

ጠገራውን አለቃዬ ባለው ዋጋ ሸጡ፤ አልተከራከሩም። አጋዘኑን መለሱ። ከመሳቢያ የፕላስቲክ ማቀፊያ አውጥቼ ሰጠኋቸው፣ በነጻ። አመሰገኑኝ። ማቀፊያውን ባዶውን ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ሳንቲሙን ደግሞ በቀኝ የኮት ኪሳቸው። ከቁልፍ ጋር ሲጋጭ ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ከቁልፍ ጋር አያድርጉት፣ ይጫራል!»

በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ዞር አሉ።

«ይጫር» አሉኝ።