የእትዬ ነጠላና የእኔ ካርቦን

ውጭ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ከካርቦን ክር የተሠራ ያገለገለ ብስክሌቱን ጅማ ድረስ ሲልክልኝ የገጠመኝ ችግር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱ ረጅም ነው፣ እኔ አይደለሁም። የመቀመጫው ዘንግ ፍሬሙ ውስጥ ካለ ብሎን ጋር እየተጋጨ ዝቅ አልል በማለቱ ፔዳሉን የማገኘው በእግሬ ጣቶች ጫፍ ነበርና፣ ከታችኛው ጫፉ 4 ሴንቲ ሜትር ለመቁረጥ ወሰንኩ።

ለዘንጉ ያደረግሁት ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነበር። የቧንቧ መቁረጫ ዙሪያውን እየጨመቀ የካርቦኑን ክር ስለሚሰባብር እርሱን ትቼ በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ያለው የብረት መጋዝ ምላጭ ገዛሁ። ጠርዙ እንዳይተረተር የሚቆረጠውን ቦታ በፕላስተር ሁለት ዙር ጠቀለልኩት፤ ቢያንስ ምን ያህል ፍሬሙ ውስጥ መግባት እንዳለበት የሚያሳየውን መስመርም 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ አሻግሬ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ዕቃ ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ ስለሌለኝ ዘንጉን በጨርቅ ሸፍኜ በርጩማ ላይ አስተኛሁት፤ የጅማ በርጩማ ጎድጎድ ያለ መቀመጫው ለዚሁ የተጠረበ ነው የሚመስለው።

እኔ ራሴ ግን በካናቴራ ነበርኩ። ማስክም ጓንትም አላደረግሁም፤ እየቆረጡ ውኃ ማንጠባጠብ ብናኙን እንደሚይዘው ብሰማም በርጩማው እንዳይርስ ብዬ ተውኩት። ጥቁሩ ዱቄት እንደ ተወቀጠ ቡና ሲቦንን ያሳሰበኝ የመጋዜ መስመር መጣመሙ ብቻ ነበር። ከራሴ በላይ ባለው ገመድ ላይ የአከራዬ የእትዬ ነጠላ መሰጣቱን ቀና ብዬ አላየሁም።

እትዬ ከቀትር በኋላ ያንኑ ነጠላ አዘቅዝቀው ለቅሶ ቤት ሄዱ። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ትከሻቸውን መለብለብ ሲጀምራቸው፣ እጃቸውን ሰድደው እንዳያኩ ሰው አፍረው በትከሻቸው ብቻ ለመገላገል ሞከሩ። «ሐዘን ቤት እስክስታ መታች ተባልኩ!» እያሉ ነበር የተመለሱት።

የእርሳቸው ፍርድ ቁንጫ ነው የሚል ነበር። ፍራሽ ሁሉ ወጣ፤ ግቢው በደረቅ መጥረጊያ ተጠረገ። መሬት ይዞ የተኛው ብናኝ በመጥረጊያው እንደገና በመነሣቱ እስከ ማታ ድረስ ውሻውን ጨምሮ የግቢው ሰው በሙሉ ያክክ ጀመር። እኔም በሙቅ ውኃ ታጥቤ ክንዴን አጥብቄ በማሸቴ የባሰ ቀላ።

ብስክሌት የሚጠግን ጎረቤቴ ክንዴን አይቶ ሳቀ። ብናኙ ውስጥ ያለው አንዱ የካርቦን ክር ወደ 7 ማይክሮ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሰው ፀጉር አሥር እጥፍ ያህል የቀጠነ በመሆኑ ባሸሁት ቁጥር ወደ ቆዳዬ እየገባ እንደሆነ ነገረኝ። ለዘንጉ የገዛሁትን ያንኑ ፕላስተር ክንዴ ላይ እየለጠፈ ክሩን ከነፀጉሬ ነቀለልኝ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና ሳሙና ታጠብኩ፤ ግቢውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፤ ነጠላውንም ለብቻው አጠብኩ። ለእትዬ እውነቱን ስነግራቸው ሳቁ ይሁን ተቆጡ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

በማግሥቱ የዘንጉን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት የማለስለሱን ሥራ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ጀመርኩ። የዝናብ ልብስ፣ ማስክ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ ጎንበስ እንዳልኩ እትዬ ከበሩ ላይ ቆመው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱኝ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ፣ «ዛሬ ደግሞ ሠርግ አለብኝ። እስክስታውን እዚያው ብመታው አይሻልም?»