ቢራዬን የመረገችው እናቴ

አፓርታማ ውስጥ ቢራ ለመጥመቅ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እናታችሁ የት እንዳለች አጣሩ። አዲስ አበባ ከሆነች ቀጥሉ። ቪዛ ተመቶላት የልጅ ልጅ ልታይ ሜሪላንድ ከገባች ግን ድስቱን ወደ ቦታው መልሱት።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ያስለከፈኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጋራዡ ሙሉ የጠመቃ ዕቃ የሆነ፣ ስለ ሆፕስ፣ ቢራውን ስለሚያመረው አበባ፣ ማውራት ከጀመረ የምሳ ሰዓት የማይበቃው ፈረንጅ። የሰጠኝ የፔል ኤል (ፈካ ያለ የቢራ ዓይነት ነው) አሠራር ለ5 ጋሎን ነበር፣ ወደ 19 ሊትር መሆኑ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የፈቀደችልኝ አንድ ድስት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ለ5 አካፍዬ ለ1 ጋሎን፣ ለ3.8 ሊትር የሚሆን አወጣሁ። በኤክሴል፣ በቀለም አስጊጬ። ባለቤቴ አየችና «ለአሥር ጠርሙስ ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። ዝም አልኳት።

ለማታውቁት ላስረዳ። ብቅል ከመፍጨትና ከመዘፍዘፍ የሚገላግል ሞልት ኤክስትራክት የሚባል ነገር አለ። ብቅሉ ፋብሪካ ውስጥ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፍና ጣፋጭ ውሃው ተጠልሎ፣ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ፈካ ካለው ዓይነት 520 ግራም ያህል ለ1 ጋሎን ብታደርጉ አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ይመጣል። እሱ ብቻውን ግን ቢራውን ትንሽ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ 60 ግራም ክሪስታል ብቅል በጨርቅ ከረጢት ቋጥሬ 68 ዲግሪ ገደማ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አቆየሁት፤ ቀላ ያለው መልክና ካራሜል ካራሜል የሚለው ጣዕም የሚገኘው ከሱ ነው። ሆፕሱ ካስኬድ ነው። በፈረንጆቹ 1972 ላይ ኦሪገን የወጣ ዝርያ ነው፣ ግሬፕፍሩት ግሬፕፍሩት ይሸታል፣ የአሜሪካን ፔል ኤል ፔል ኤል ያሰኘውም እሱ ነው። 7 ግራም መንተክተክ ሲጀምር ለምሬት፣ 7 ግራም ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ለጣዕም፣ 7 ግራም እሳቱ ሲጠፋ ለሽታ። አንዴ ለምን አይጨመርም ካላችሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የፈላ ሆፕስ ምሬቱን ይተውና መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ውልቅ ብሎ ይሄዳል።

ይሄን ሁሉ በሚዛን እየለካሁ ስሠራ እናቴ ከሶፋው ሆና ትከታተላለች። እናቴ ማለት ሰፈር ውስጥ ሰርግም ይሁን ተዝካር ጠላ ሊጠመቅ ሲል መጀመሪያ የምትጠራ ሴት ናት። አልቻለችም፣ ተነሥታ መጣች። ዱቄቱን በጣቷ ጫፍ ቀመሰች።

«ይሄ የሕፃን ወተት ነው።»

«ብቅል ነው እማዬ።»

ሆፕሱ ደግሞ ተፈጭቶና ተጠፍጥፎ፣ አረንጓዴ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ነው የሚሸጠው። እፍኟ ላይ አድርጋ አገላበጠችው። «ይሄስ የዶሮ መኖ። ጌሾው የታል?» አለች። ጌሾው እሱ ነው ብላት በጣም አዘነችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ፖሊስ እንደማይመጣብኝ ጠየቀችኝ። ኧረ ሕጋዊ ነው አልኳት፤ 1978 ላይ ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ አለ፣ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ለራሱ መጥመቅ ይችላል። ስንት ሊትር እንደሚሆን አስላችኝ። ከ750 ትንሽ ይበልጣል አልኳት። «ለዓመት?» አለች፣ «ይሄማ ለአንድ ሰርግም አይበቃ።»

ዱቄቱን ስትጨምሩ ተጠንቀቁ፣ በነገራችን ላይ። እንፋሎት ሲነካው ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። ከረጢቱ አፍም ላይ እንደዚያው። ሲፈላ ደግሞ አረፋው ድንገት ዓይን እያየ ወደ ላይ ይወጣል፣ ዞር ካላችሁ ምድጃው አለቀለት። እኔ ዞር አላልኩም። ዞር ያልኩት ከፈላ በኋላ ነው፣ ድስቱን በረዶ ውስጥ ዘፍዝፌ ወደ 20 ዲግሪ ለማውረድ፣ በረዶ ልገዛ ታች ስወርድ። የጋሎኑን ጠርሙስ በሳኒታይዘር አጥቤ፣ አረፋው ውስጡ እንዳለ ትቼው ነው የወረድኩት። አረፋው አይለቀለቅም፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው፣ እርሾውም አይጎዳም።

ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ነው የጭስ አላርሙን የሰማሁት።

በሩን ስከፍት ባለቤቴ ወንበር ላይ ቆማ በሰፌድ አላርሙን ታራግባለች፣ ልጆቼ ጆሯቸውን ይዘው በደስታ ይጮሃሉ፣ የፊት ለፊቱ ጎረቤታችን በፒጃማ በሩ ላይ ቆሟል፣ እናቴ ደግሞ የቡና ማንደጃው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ጠርሙሴን በወይራ ጭስ ላይ ደፍታ እያጠነችው ነው። ወይራውን ከአበሻ ሱቅ የገዛነው ለእርጎ ማሰሮ ነበር። ከአፍንጫዋ በላይ አትታይም።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

«ሳሙናውን ሳታለቀልቅ ጥለኸው ሄድክ እኮ። አለቀለቅኩልህ። ደግሞ ሳይታጠን ሊጠመቅበት ነው እንዴ?» አለች። አላርሙ ሲጮህ ቀና እንኳን አላለችም።

ውስጡ ቡናማ ሆኗል። እንደገና በሳኒታይዘር ልጠበው ብል «ያን ሳሙና ደግመህ ብታስጠጋው ልብስ ካጠባችሁበት ከዚያ ማሽን ውስጥ ልጠጣ እመርጣለሁ» አለችኝ። ፈሳሹ ቀዝቅዟል፣ ጎረቤቱ አልሄደም፣ ምን ላድርግ፣ ገለበጥኩት። እርሾውንም ነሰነስኩ። 11 ግራሟ ፓኬት ለ5 ጋሎን ነው የምትሆነው፣ ስለዚህ ግማሿን ያህል ብቻ። አፉን በላስቲክ ቡሽ ዘጋሁና ኤርሎኩን ሰካሁበት። ኤርሎክ ማለት ውስጡ ውሃ ያለበት ትንሽ የፕላስቲክ ነገር ነው፣ ጋዙን ወደ ውጭ ያስወጣል፣ አየር ግን አያስገባም። ብርሃን እንዳያገኘው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ቁም ሳጥኑ ያለው እናቴ የምትተኛበት ክፍል ነው። ሌላ ቦታ የለንም፣ አፓርታማ ነው አልኳችሁ።

በማግስቱ ቡልቅ፣ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ደስ አለኝ፣ እርሾው ስኳሩን እየበላ ነው ማለት ነው። ለእናቴ ግን አልተዋጠላትም። ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ጠላ በጆሮ እንደሚታወቅ ከሷ ነው የሰማሁት፤ ጋኑ ሲንሾካሾክ፣ ሲጮህ፣ ዝም ሲል ሁሉም ትርጉም አለው። «ይሄ አየር እየገባበት ነው» አለች። እየወጣ ነው እንጂ አይገባም ብዬ ኤርሎኩን አስረዳኋት። እሺ አለች። እናቴ እሺ ስትል መፍራት ነበረብኝ።

ሌሊት ላይ ቡም የሚል ድምፅ፣ ከዚያ «በስመ አብ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ባለቤቴ ወደ ልጆቹ፣ እኔ ወደ እናቴ ሮጥን። መብራቱን ሳበራ የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቷል፣ ጠርሙሱ በሰላም ቆሟል፣ ከአፉ ግን አረፋ እየገነፈለ ይወርዳል። ቡሹ የለም። ቀና ብዬ ስፈልግ የቁም ሳጥኑ ጣራ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት፣ ከነኤርሎኩ፣ ዙሪያውን በሊጥ ተመርጎ። የጤፍ ሊጥ ነው፣ ለእንጀራ ከተቦካው ቀንሳ። በጨርቅም ጠቅልላ በክር አስራዋለች፣ ክሩ ሱፌ ላይ ተንጠልጥሏል። ያለኝ አንድ ሱፍ ነው። አረንጓዴ የሆፕስ ፍርፋሪ ከኮሌታው እስከ ኪሱ ወርዷል። የባለቤቴ የጥልፍ ቀሚስ ጠርዙን ብቻ ነው ያገኘው፣ እሷ ግን ሙሉውን እንዳገኘው ነው ያዘነችው።

«መርገሽው ነው?» አልኳት።

«ታዲያ ሳይመረግ ሊያድር ነው? ጋን አይመረግም?»

ይመረጋል። ግን ጋን ሸክላ ነው፣ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ምርጉም ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ያስተነፍሳል። የኔ ጠርሙስ አንገቱ የጣት ያህል ነው። ይሄን ሁሉ ሌሊት፣ ፎጣ ይዤ ተንበርክኬ፣ አስረዳኋት። እሷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠርሙሱን በአድናቆት ታየዋለች። «ኃይለኛ ነው» አለች፣ «ወጥቶልሃል።»

በዚያ ሳምንት ክርስትና ተጠርተን ነበር። ሱፉ ላውንደሪ ሄዶ መጥቷል፣ ግን ብብቱ ሲሞቅ ቢራ ቢራ ይሸታል። የልጁ አያት ሰላም ሲሉኝ ትንሽ ራቅ አሉና «ገና ከጠዋቱ?» አሉኝ።

የተረፈውን ግን አልደፋሁትም። መፍላቱን ሲያቆም 3 ሊትር ያህል ቀርቷል፣ 20 ግራም ስኳር በጥብጬ ጨመርኩበትና ጠርሙስ ሞላሁ። ለጋዙ ነው። ለ5 ጋሎን የተጻፈውን ስኳር ለዚህች ብታደርጉ ግን የሚፈነዳው ቡሹ ሳይሆን ጠርሙሱ ነው፣ ቀልድ የለውም። ሁለት ሳምንት ሞቅ ያለ ቦታ ካስቀመጥኩት በኋላ ባልደረባዬን ቤት ጠራሁት።

አንድ ጉንጭ ጠጣና ዝም አለ። ደገመ። ከዚያ ባምበርግ ስለሚባል የጀርመን ከተማ ያወራኝ ጀመር፣ እዚያ ብቅሉን በእንጨት ጭስ እያደረቁ ጭስ ጭስ የሚል ቢራ ይሠራሉ አሉ፣ እና የትኛውን የጭስ ብቅል ነው የተጠቀምከው አለኝ። ብቅል አይደለም፣ እናቴ ናት አልኩት። ወዲያው ደብተሩን አወጣ። ወይራ ብሎ ጻፈ፣ ሆሄውን ሁለቴ አስተካከልኩለት። ከዚያ ስንት ግራም እንደሆነ እንድጠይቅለት ለመነኝ።

ጠየቅኳት። «እስኪበቃው ነዋ» አለች።

ተረጎምኩለት። ብዕሩን እንደያዘ፣ መብቃቱ በምን ይታወቃል አለ። ይሄንንም ተረጎምኩላት። እናቴ ሲኒዋን አስቀመጠችና ጣራው ላይ ያለውን አላርም በጣቷ አሳየችው።

«እሱ ሲጮህ።»