ከቸርችል ጎዳና እስከ ምን አለሽ ተራ፦ አሮጌ የቤት ዕቃ ፍለጋ የዋልኩበት ቅዳሜ

በቤቴ ውስጥ ለመታየት ብቻ የሚቀመጥ ዕቃ አልወድም። በርጩማ ሰው ሊቀመጥበት፣ ካውያ ሊተኮስበት፣ የስፌት መኪና ሊሰፋበት ይገባል ባይ ነኝ። አሮጌ ዕቃ የምፈልገውም ዘመኑ ስላለፈ አይደለም። ተጠንቅቀው የሠሩት ዕቃ ሁለትና ሦስት ትውልድ ሲያገለግል በአያቴ ቤት እያየሁ ስላደግሁ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ከቤት ስወጣ ውሎዬ ተወስኖ ነበር፤ ጠዋት ቸርችል ጎዳና፣ ከዚያ መርካቶ።

ቅደም ተከተሉን ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር በሚወርደው መንገድ፣ በተለይ በፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት የባህል ዕቃ ሱቆች ዋጋቸው ለእንግዳ ሰው የተተመነ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ተወልውሎ፣ ተደርድሮ፣ በብርሃን ስለሚታይ ዓይንን ለማለማመድ ከእነርሱ የተሻለ ቦታ የለም። ጊዜ ያለው ሰው ከዚያም በፊት ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አንድ ሰዓት ቢያሳልፍ እመክራለሁ። በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ይህ ሙዚየም ዕቃውን የሚያሳየው የሰውን ልጅ ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ተከትሎ ስለሆነ፣ አንድ ዕቃ በማን እጅ፣ ለምን ሥራ እንደዋለ ይገባችኋል። ይህን ያወቀ ገዢ በቀላሉ አይታለልም።

በቦርሳዬ የያዝኩት ትንሽ ነው፦ ማግኔት፣ አጭር የብረት ማስመሪያ፣ የነጭ ነጠላ ቁራጭ፣ መርፌና ክር፣ ዝርዝር ብር። የባትሪውን ነገር ስልኬ ይሸፍነዋል።

በመጀመሪያው ሱቅ ያየሁት የጅማ በርጩማ ነበር። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ መጋጠሚያ የለውም። ሻጩ «የአያት ቅድመ አያት ነው» አለኝ። ገለበጥኩት። የመቀመጫው ላይ የጠቆረውን ያህል ሥሩም እኩል ጠቁሯል። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ሰው የሚቀመጠው ላዩ ላይ ነው፣ የሚያወዛውም የልብስና የእጅ ንክኪ ነው፤ ሥሩ ግን ቢያረጅም ደረቅና ሸካራ ሆኖ የመሮው ምልክት እየታየበት ይቀራል። የነጠላዋን ቁራጭ አርጥቤ ጠረግ ሳደርገው ቡናማ ቀለም ይዛ መጣች። ሽታው የጫማ ቀለም ነው። በርጩማው መጥፎ አልነበረም፤ አዲስ መሆኑን ነግሮ በአዲስ ዋጋ ቢሸጥልኝ ኖሮ እገዛው ነበር። አመስግኜ ወጣሁ።

መሶብና ሙዳይ ላይ ደግሞ መክፈት ነው። ስፌቱ በአለላ፣ ማለትም ቀለም በተነከረ ሣር፣ ካጌጠ፣ ውጭውን ለዓመታት ብርሃን ሲያገኘው ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ክዳኑ የሚሸፍነው የውስጥ ከንፈር ግን ቀለሙን እንደያዘ ይቆያል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ዕድሜውን የሚናገረው። ውጭውም ውስጡም እኩል ከደበዘዘ፣ ወይም ጭስ ጭስ የሚል ከሆነ፣ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ ተደርጓል ማለት ነው። ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ያገኘኋት ሙዳይ ክዳኗ ሲነሣ ውስጧ ደማቅ ቀይና አረንጓዴ ነበር። ከታች በኩል ሁለት ቦታ ላይ ተፈትቶ በሌላ እጅ፣ ከሌላው ጠበቅ ባለ ስፌት ተጠግኗል። አንዲት ሴት ወስፌዋን ይዛ ተቀምጣ «ይህስ አይጣልም» ያለችበት ነው። ባለ ሱቋ ጥገናውን እንደ ጉድለት ቆጥራ ዋጋ ቀነሰችልኝ፤ ለእኔ ግን የገዛሁት ከነጥገናው ነው።

እዚያው ሱቅ ጠገራ ብር አሳዩኝ። ላዩ ላይ 1780 ተጽፎ ስታዩ የዚያን ዘመን ነው ብላችሁ እንዳትከፍሉ። 1780 በገንዘቡ ላይ መልካቸው ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በተለያዩ ከተሞች የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፣ ማግኔትም አይስበውም። እነዚህን ሁለቱን ካለፈ ብር ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውን ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም።

አንድ ሱቅ ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር የብራና መጽሐፍ ወጥቶ ቀረበልኝ። አልነካሁትም። የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ብራና፣ ሥዕል የቤት ዕቃ አይደለም፤ ከየትኛው ገዳም ወይም ደብር እንደወጣ የማይታወቅ ነገር ገንዘብ ከፍሎ መግዛት ለሚቀጥለው ስርቆት ቀብድ መስጠት ነው። በዚህ ጉዳይ መለሳለስ አልችልም።

ከቀትር በፊት መርካቶ ገባሁ። የድሮው ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር፤ ወደ ዛሬው ቦታ ያዛወሩት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ናቸው፤ ስሙም የእነርሱ ነው። የእኔ መድረሻ ምን አለሽ ተራ ነው። ከሩቅ የሚሰማው መዶሻ ነው፤ በርሜል ተቀዶ ምጣድና ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፣ ጎማ ጫማ ይሆናል። እዚህ የሚጣል ነገር የለም። አሮጌ የቤት ዕቃ የሚፈልግ ሰው ማወቅ ያለበት ዕቃው እንዴት እዚህ እንደሚደርስ ነው። በየሰፈራችን ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚጮኸው ቆራሌው ከየቤቱ የገዛውን ጠርሙስ፣ ብረት፣ የተሰበረ ራዲዮ አምጥቶ የሚያራግፈው እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ በኪሎ፣ የሚሠራው በፍሬ ይሸጣል። ካውያችሁ ወደ ኪሎው ክምር ከመግባቱ በፊት ከደረሳችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

የከሰል ካውያ ያገኘሁት ከክምሩ ጫፍ ላይ ነው። የሚፈተነው እንዲህ ነው፦ ክዳኑ በማጠፊያው ላይ ሳይንገዳገድ ይከፈታል? መቆለፊያው ይይዛል? የታችኛው ፊቱ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ጎብጧል? ማስመሪያዬን በጠርዟ አቁሜ ፊቱ ላይ አስደገፍኳት፤ ብርሃን አላሳለፈችም። የእንጨት እጀታው ላይ አራት ጣት የሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ከላይ አውራ ጣት የሚጫንበት ደግሞ መስታወት መስሎ አብረቅርቋል። በቀለም ተቀብቶ እንዲህ አይሆንም። ዝገት ነበረው፣ ዝገት ግን ይለቃል። የማይለቀው ስንጥቅ ነው፤ በጣቴ አንኳኩቼ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጠኝ ተዋዋልን።

አጠገቡ ኢናሜል የተለበሰ፣ ቀይ አበባ ያለበት ማንቆርቆሪያ ነበር። ልቤ ቀረበት፤ ነገር ግን ውስጡ ተቀርፍፏል። የድሮ ኢናሜል ቀለም፣ በተለይ ቀዩና ቢጫው፣ ካድሚየምና እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል የተቀረፈፈውን ሻይ አላፈላበትም። ላልጠቀምበት አልገዛሁትም።

ቀኑን የካሰልኝ ግን የእጅ መዘወሪያ ያለው ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ነው። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው፤ መኪናውን በጆንያ ሸፍነው አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይሠራል?»

«ልጄ፣ እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ልብስ ሰፊ አይደለሁም። አንቺው አዙሪና እይው» አሉኝ።

እውነት ነው ብዬ ተንበረከክሁ። መዘወሪያው ይከብዳል፣ ግን ይዞራል፤ የደረቀ ዘይት እንጂ የተሰበረ ነገር እንደሌለ የሚታወቀው ክብደቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲሆን ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀጥ የሚል ከሆነ ተዉት። ጥቁሩ አካሉ ላይ ወርቃማ የስፊንክስ፣ የሰው ራስ ያለው አንበሳ፣ ሥዕል አለ፤ በቀኝ በኩል ከፊት፣ ጨርቅና መዳፍ ሲመላለስበት የኖረው ቦታ ላይ ሥዕሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ብረቱ ወጥቷል። ከወለሉ በስተቀኝ የተቀረጸው ቁጥር ዋይ በሚለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። በዚህ ፊደል የሚጀምሩት ስኮትላንድ ውስጥ በክላይድባንክ ፋብሪካ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የተሠሩ ናቸው። የሲንጀር ቁጥሮች በዓመት ተመዝግበው ስለሚገኙ በስልክ ፈልጎ ማመሳከር ይቻላል።

ከሥሩ ያለውን ተንሸራታች ክዳን ስከፍት፣ ጀልባ የምትመስለው የታችኛውን ክር የምትይዘው ዕቃ የለችም። ያለ እርሷ መኪናው አይሰፋም። ነገርኳቸው። አንድ ልጅ ጠርተው ላኩት፤ ልጁ ብሎን፣ መርፌና ቁርጥራጭ ብረት የተቀላቀለበት ጣሳ ይዞ መጣ። ጋሼ ጣታቸውን ከተው ሲያንኳኩ ቆይተው ሁለት አወጡ፤ አንዷ ልክ ገባች። ክር አጠንጥነን፣ መርፌ አስገብተን፣ ነጠላዋ ላይ ሰፋሁ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተቆራረጠ ስፌት። መርፌው ዛሬም በየሱቁ የሚሸጠው ዓይነት ስለሆነ የመለዋወጫ ሥጋት አልነበረብኝም።

9,000 ብር ብለው ጀመሩ። በ6,500 ተስማማን፣ በቴሌብር ከፈልኩ። ከዚህ በታች መግፋት እችል ነበር፤ አልፈለግሁም። ፊት ለፊቴ የጎደለውን ፈልጎ ያሟላ ሰው በኪሎ ቢሸጠው ኖሮ የማገኘው ነገር አልነበረም። ለሚቀጥለውም እንዲደውሉልኝ ስልኬን ተውኩላቸው። በዚህ ገበያ ከተዋወቁት ሰው መግዛትን የመሰለ ነገር የለም፤ ምን እንደምትፈልጉ የሚያውቅ ሻጭ ለእናንተ ብሎ ያስቀምጣል።

ቤት ከገባሁ በኋላ ያለው ሥራ ከግዢው ያልተናነሰ ነው። ካውያውን ኮምጣጤ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ነክሬ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ በደንብ አድርቄ ዘይት ቀባሁት። መኪናውን በላምባ በተነከረ ጨርቅ መገጣጠሚያዎቹን አፅድቼ በየቀዳዳው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁ። አካሉን በአልኮል እንዳትነኩት፤ ወርቃማውን ሥዕል ይዞት ይሄዳል፤ ደረቅ ጨርቅና ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። ሙዳይዋን በፕላስቲክ አሽጌ ለሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኳት። በስፌቱ ውስጥ የተደበቀ ነቀዝና እንቁላሉ የሚሞተው በብርድ ነው። ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ አሉ፤ አለላው ስለሚደበዝዝ እኔ አላደርገውም።

ሙዳይዋን የገዛሁት ዋሽንግተን ለምትኖረው እኅቴ ነው። ይህ ለብዙ በውጭ ላሉ ወገኖች ይጠቅማልና ልጨምረው፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የእጅ ሥራ ቢሆን እንኳ አሮጌ የሚመስል ዕቃ ቦሌ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ ከሱቁ ደረሰኝ መቀበል፣ ከበረራው ቀናት ቀድሞም ዕቃውን ለቅርስ ባለሥልጣን አሳይቶ ማረጋገጫ መያዝ ነው። ቅርስ ነው ከተባለ ይቅር፤ እዚሁ አገሩ ላይ ይኑር፤ እኅቴም በዚህ ትስማማለች።

ካውያው ለእኔ ነው፤ መብራት በሄደ ቁጥር ይሠራል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የማስበው የቡና ሙቀጫ ነው። ለጋሼም ነግሬአቸዋለሁ፤ ውስጡ በዘነዘናው ተቦርቡሮ የጎደጎደ፣ ሥሩ ግን ያልተሰነጠቀ ከመጣላቸው ያስቀምጡልኛል።