ሥላሴ ያወጡኝ ጭንቅ

ስማቸው ይክበር ይመስገን። የምመሰክረው ስለ ሕመም ወይም ስለ እስር አይደለም፤ ስለ ፓስወርድ ነው። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔ ያወጣኝን አውቃለሁ።

ደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል እሠራለሁ። የሠራተኛው ደመወዝ በሙሉ ያለው ማይ ኤስኪውኤል በሚባል ዳታቤዝ፣ መረጃ በሚያስቀምጥ ፕሮግራም ላይ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የዋናውን አስተዳዳሪ፣ የ«ሩት»ን ፓስወርድ ለማንም ሳይነግር ውጭ አገር ሄደ። ስልኩ አይነሳም። የሰርቨሩ፣ ማለትም ዳታቤዙ ያለበት ኮምፒውተር፣ የራሱ ፓስወርድ ግን እጄ ላይ ነበር። ግቢው ተከፍቶ ቤቱ እንደተቆለፈ በሉት።

ደመወዝ ሊወጣ ደርሷል። ፕሮግራሙ ወደ አዲስ ኮምፒውተር መዛወር አለበት፤ ያለ ሩት ደግሞ አይሆንም። አለቃዬ «ፎርማት አድርጊውና እንደገና ጫኚው» አሉ። መጠባበቂያ ቅጂው የከረመ ነው። የስንቱ ሰው ሒሳብ ሊጠፋ!

መፍትሔው ሲወራ ቀላል ነው። ሰርቪሱ፣ ማለትም ዳታቤዙን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ይቆማል፤ ከዚያ «ስኪፕ ግራንት ቴብልስ» በሚለው ትእዛዝ ይነሳል። ያኔ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ያስገባል፤ ሌላ ሰው እንዳይገባበት ኔትወርኩን መዝጋት ነው። እኔ ጋ ግን አልነሳ አለ። አስነሳዋለሁ፣ ወዲያው ይሞታል። ዳታው የተበላሸ መሰለኝና ጉልበቴ ከዳኝ።

ነጠላዬን አንስቼ ወደ ሥላሴ ሄድኩ፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን አይተው የተከሉት ወደሚባለው ደብር። ዐቢይ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፤ ደረስኩበት። ለኮምፒውተር እንዴት እንደሚጸለይ ግራ ገባኝ (ያልሳቀ አሁን ይሳቅ)። «የሠራተኛው እንጀራ ነው፣ አታሳፍሩኝ» ብቻ አልኩ። ጥላ ተሳልኩ፤ ልመሰክርም ቃል ገባሁ።

ተመልሼ የስህተት መዝገቡን ስከፍት ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ። ስለ ዳታው አንዳች አይልም። «ቫር፣ ረን፣ ማይ ኤስኪውኤል ዲ የሚባለው ፎልደር የለም» ነው የሚለው። ለካ ሰርቪሱ ሲቆም ያ ፎልደር አብሮት ይጠፋል! ፈጠርኩት፣ ባለቤትነቱን ለማይ ኤስኪውኤል ሰጠሁ፣ አስነሳሁ። ተነሳ። መጀመሪያ «ፍላሽ ፕሪቪሌጅስ» አልኩ፣ የፈቃድ መዝገቡን እንደገና አንብብ ማለት ነው፤ ያለዚያ የፓስወርድ መቀየሪያውን ትእዛዝ አይቀበልም። ከዚያ አዲሱን ፓስወርድ ሰጠሁትና ሰርቪሱን በወጉ መልሼ አስነሳሁ። የሁሉም ስም ከነደመወዙ ቁጭ ብሏል። እልል ማለቴን ያወቅሁት የጥበቃው አባት በሩን ከፍተው «ልጄ፣ ምን ተገኘ?» ሲሉኝ ነው።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው «ይሄማ የተለመደ ነገር ነው» ይለኛል። ነው። መስመሩም ከቅዳሴው በፊት እዚያው ነበር። ያሳዩኝ ግን እነሱ ናቸው።

ፓስወርዱ አሁን በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ጥላውን ሐምሌ 7 ለንግሡ አስገባለሁ፤ ምስክርነቱን ግን እስከዚያ ማቆየት አልወደድኩም።