መኪናዬ የምትልከው መረጃ የማን ነው?

ዛሬ የአውሮፓ ኅብረትን የዳታ ሕግ ሳነብ አመሸሁ። ቁጥሩ 2023/2854 ነው። ተግባራዊ መሆን የጀመረው በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ መስከረም 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። እኔ በምኖርበት ፍራንክፈርት አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2025 መሆኑ ነው።

የምነዳት የኤሌክትሪክ መኪና በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ የኪራይ ውል፣ የያዝኳት ናት። የራሷ ሲም ካርድ አላት፤ ስትሄድም ስትቆምም ለአምራቿ መረጃ ትልካለች። ያ መረጃ እኔን ምን ያህል እንደሚመለከተኝ ማወቅ ፈልጌ ነው ያነበብኩት።

ሕጉ የሚያወራው ስለ አጠቃቀሙ ወይም ስለ አካባቢው መረጃ ስለሚሰበስብና መላክ ስለሚችል ዕቃ ነው። መኪና፣ ትራክተር፣ ፍሪጅ፣ የእጅ ሰዓት። ዋና ሥራው የሌሎችን ዳታ ማስቀመጥ የሆነ ሰርቨር ግን አይገባበትም። ተጠቃሚ የሚባለውም ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ በውል ተከራይቶ የያዘም ነው። ይሄ በጣም ደስ አለኝ። ዳታውን በነፃ መጠየቅ፣ ለመረጥኩት ጋራዥ ስጡልኝ ማለትም እችላለሁ።

ከባዱ ነገር የሚመጣው የትኛው ዳታ ነው ሲባል ነው። ሴንሰር የለካው ሙቀት፣ ግፊትና ፍጥነት ይገባል። ለአጠቃቀም እንዲመች ትንሽ የተስተካከለውም ይገባል። መኪናዋ ጠፍታ ቆማ ሳለ የተመዘገበው እንኳ አልቀረም። ኩባንያው ተጨማሪ ገንዘብ አፍስሶ፣ በራሱ ውስብስብ ስሌት የደረሰበት ድምዳሜ ግን ውጭ ነው።

ለድካማቸው ዋጋ መሰጠቱ ይገባኛል። ግን መስመሩ ያሰጋኛል። የባትሪዬ ሙቀት ጥሬ ዳታ ነው፤ እሺ። ባትሪው ምን ያህል እንደደከመ የሚነግረው ግምትስ? መካኒኩ አጥብቆ የሚፈልገው እሱን ነው። ኩባንያዎች መስጠት ያልፈለጉትን ሁሉ «ይሄ የተሰላ ነው» እንዳይሉ እፈራለሁ።

አንድ የወደድኩት ነገር አለ። ቁጥሩን ለመረዳት የሚያስፈልገው ማብራሪያም አብሮ መሰጠት አለበት። 71፣ 71፣ 72 የሚል ዝርዝር ብቻውን ቢደርሰኝ ምን ያደርግልኛል? ዲግሪ ይሁን ፐርሰንት፣ መቼ የተለካ ይሁን፣ በምን አውቃለሁ?

ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2026 በኋላ ገበያ የሚወጡ ዕቃዎች፣ በቴክኒክ እስከተቻለ ድረስ፣ ተጠቃሚው ዳታውን በቀጥታ እንዲያገኝ ተደርገው መሠራት አለባቸው። የእኔዋ ከዚያ በፊት የወጣች ስለሆነች በጥያቄ ነው የማገኘው። ደብዳቤውን ጽፌ ጨርሻለሁ። የባትሪውን ሙቀትና የቻርጅ መዝገቡን፣ ከነማብራሪያው፣ ለጋራዡ እንዲልኩልኝ ነው የጠየቅኩት።