አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

በሜሪላንድ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳት ነርስነት ስምንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በአንድ ሴሚስተር ሁለት ኮርሶችን ወሰድኩ፤ አንደኛው የእርጅና ጥናት መግቢያ ወይም ጄሮንቶሎጂ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጤና ትምህርት ነበር። ልመዘገብ መሆኑን የሰሙ የፈረቃ ባልደረቦቼ «ሽማግሌ ማጠብ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ብለው ቀልደውብኛል፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከዚያ ብዙ የራቀ ነገር አላስብም ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ለረዳት ነርስ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሽተኛ ማገላበጥን፣ ገላ ማጠብንና ደም ግፊት መለካትን እንማራለን፤ የምናገላብጠው ሰው ምን እየሆነ እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ጊዜው አይበቃም።

የጄሮንቶሎጂ ትምህርት የሚጀምረው እኛ በአንድ ምርቃት ከምንጨርሰው ነገር ነው። «እርጅና ብቻህን ና» ሲባል እርጅናና በሽታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አበው አስቀድመው ለይተውታል ማለት ነው፤ ሳይንሱም የደከመው ይህንኑ ለመለየት ነው። ጄሮንቶሎጂ የሚለውን ቃል የፈጠረው ኤሊ ሜችኒኮፍ የተባለ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በ1903 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን ለምን እንደማሳስብ ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል)። እዚሁ እኛ ጎረቤት ባልቲሞር ደግሞ ከ1958 ጀምሮ ጤነኛ ሰዎችን በየጊዜው እየመረመረ አረጃጀታቸውን የሚከታተል ጥናት አለ። ከእሱ የተገኘው ትልቁ ትምህርት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት አድርገው እንደማያረጁ ነው። «ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ነው» ብሎ መደምደም ስለማይቻል፣ አረጋውያንን በዕድሜያቸው ብቻ መናቅ «ኤጅዝም» የሚል ራሱን የቻለ ስም ተሰጥቶታል፤ ስሙንም በ1969 ያወጣው ሮበርት በትለር የተባለ የዋሽንግተን የአእምሮ ሐኪም ሲሆን፣ በኋላም የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኗል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ንቀት ሳይሆን አክብሮት ነው። ሲድኒ ካትዝ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1963 ያወጣው መለኪያ አንድ ሰው ራሱን ችሎ ይኖር እንደሆነ በስድስት ነገሮች ይመዝናል፤ እነሱም ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርና መብላት ናቸው። ካትዝ እንዳስተዋለው ሰው እነዚህን ችሎታዎች የሚያጣው በዘፈቀደ ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው፤ መታጠብ ከመጀመሪያዎቹ ሲሆን መብላት የመጨረሻው ነው። ይህን ገጽ ሳነብ አንድ አባት ትዝ አሉኝ። ማንኪያ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና ግማሹ ሾርባ ደረታቸው ላይ ይፈስ ነበር፤ እኔም እንደ አገሬ ወግ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲዋረድ ማየት ስላልቻልኩ ማንኪያውን ተቀብዬ አጎርሳቸው ጀመር። ሥራዬም ፈጠነልኝ፣ እሳቸውም መረቁኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ማንኪያ ቢሰጣቸውም የማያነሡ ሆኑ። በሽታቸው ብሶ እንደሆነ ነበር ያሰብኩት፤ ካትዝን ካነበብኩ በኋላ ግን ከስድስቱ የመጨረሻውን ከእጃቸው የወሰድኩባቸው ራሴ እንደሆንኩ እገምታለሁ።

አስተማሪያችን ይህንን ሐሳብ ያጠናከሩት በ1976 በኮኔቲከት በአንድ መንከባከቢያ ውስጥ በተደረገ ጥናት ነው። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአንደኛው ፎቅ ለሚኖሩት አረጋውያን «ተክላችሁን ምረጡ፣ ውኃም የምታጠጡት እናንተ ናችሁ» ሲሏቸው፣ ለሌላው ፎቅ ነዋሪዎች ደግሞ ተክሉን ሰጥተው ነርሶች ያጠጡላቸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ያጠጡት ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በኋላም የተተቸበት ነገር አለ፤ እኔ ግን ያን አባት ካየሁ በኋላ ልጠራጠረው አልቻልኩም።

እርጅናን በራሳችን እንድንቀምሰው ተብሎ ጫማችን ውስጥ የበቆሎ ፍሬ ጨምረን፣ መነጽራችንን ቫዝሊን ቀብተን፣ ጆሯችንን በጥጥ ደፍነን ደረጃ የወጣንበትን ቀን ባልጠቅስ ይሻላል። ተማሪዎቹ ሲሳሳቁ ዋሉ፤ በዚያው ሳቅ ውስጥ ግን የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ለመክፈት አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።

ዋናው ነገር የተፈጠረው ከክፍል ውጭ ነው። አክስቴን ሁላችንም በቤት እቴቴ እንላቸዋለን፤ በደብረ ብርሃን ሠላሳ ዓመት ቅቤ ነግደው ልጃቸው ዘንድ የመጡ እናት ናቸው። ድስት እሳት ላይ ረስተው ስለተቃጠለ ልጃቸው የመርሳት በሽታ እንዳይሆን ሰግታ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ቀኑ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ሐኪሟ ያወጣችው ወረቀት ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በክፍል ያጠናሁት ባለ 30 ነጥብ የአእምሮ ምርመራ ነው፤ ማርሻል ፎልስተይንና ባልደረቦቹ በ1975 ያወጡት ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አምስት ነጥቦች የጊዜ ናቸው። አስተርጓሚ ስላልተዘጋጀ ያስተረጎመችው እዚሁ ያደገችው ልጃቸው ነበረች።

«ዘመኑ ስንት ነው?» ሲባሉ እቴቴ «2017» አሉ። «ወሩስ?» «ጥቅምት።» «ቀኑ ስንት ነው?» «አሥራ ሁለት።» «ዛሬ ምን ቀን ነው?» «ሚካኤል ነዋ!» ወቅቱን ሲጠየቁ «መፀው» አሉ፤ ልጃቸው መፀው የሚለውን ቃል ሰምታው ስለማታውቅ ተደናግራ ወደ እኔ ዞረች። አምስቱም መልስ ትክክል ነበር፤ ለአንዱም ግን ነጥብ አልተሰጠም። ቀጥሎ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲወርዱ ሲጠየቁ «93፣ 86፣ 79፣ 72፣ 65» ብለው ሳይተነፍሱ ከጨረሱ በኋላ «ሂሳቡ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ world የሚለውን አምስት ፊደል ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ከኋላ ወደ ፊት በመጥራት የሚተካበት ጊዜም አለ፤ ቃሉ በአማርኛ «ዓለም» ስለሆነ አምስት ነጥብ ለሦስት ፊደል እንዴት እንደሚከፋፈል አስቡት።

በመጨረሻ ባዶ ክብ ተሰጥቷቸው ሰዓት እንዲሥሉና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንዲያሳዩበት ተጠየቁ፤ ለዚህ ፈተና የተለመደው ሰዓት ይህ ነው። እቴቴ ቁጥሮቹን አስተካክለው ከደረደሩ በኋላ አጭሩን ዘንግ 5 ላይ፣ ረጅሙን 2 ላይ አደረጉት። ግድግዳችን ላይ ያለውን የፈረንጅ ሰዓት በአንጻሩ ለሚያነብ ሐበሻ ከዚህ የበለጠ ትክክል የለም። ሐኪሟ ግን ዘንጉን እያየች አንገቷን ስትነቀንቅ አየሁና ከወንበሬ ተነሣሁ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የእኛ ቀን ከጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እንደሚጀምርና ዘመናችን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚለይ ሳስረዳት ወረቀቱን ገልብጣ ደግማ አየችው፣ በሌላ ቀንም በባለሙያ አስተርጓሚ እንዲደገም ቀጠሮ ሰጠች። በሁለተኛው ምርመራ የመርሳት በሽታ ምልክት አልተገኘም። ድስቱን ያቃጠለው ኢትዮጵያ የተደወለ ስልክ ነበር።

ታሪኩን በክፍል ስናገር አስተማሪያችን ምርመራው ብቻውን በሽታ መኖሩን የሚወስን እንዳልሆነ፣ የትምህርት ደረጃና ቋንቋም ውጤቱን እንደሚቀይሩት አስረዱ። ይህ በመጽሐፉም ተጽፏል፤ ከሠንጠረዡ በታች በደቃቅ ፊደል።

የጤና ትምህርቱ ኮርስ በበኩሉ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ ሰው የሚጠቅመውን እየነገሩት ለምን አያደርገውም? ትምህርቱ እንደ መነሻ የሚወስደው በ1950ዎቹ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባለሙያዎች የገጠማቸውን እንቆቅልሽ ነው። የሳንባ ነቀርሳ የራጅ ምርመራ በነጻ፣ ያውም በተሽከርካሪ ሰፈር ድረስ እየሄደላቸው ብዙዎች አልመጡም። ከዚያ የወጣው ንድፈ ሐሳብ ሰውዬው በሽታው ያገኘኛል ብሎ ያምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ክፉ አድርጎ እንደሚያየው፣ ምርመራው ይጠቅመኛል ይል እንደሆነና ምን እንደሚያግደው ይጠይቃል። ጥሩ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው የተነገረውን በትክክል ሰምቶ በትክክል ቢፈጽምስ?

የእቴቴ ስኳር በኅዳር ወር አልወርድ ብሎ ሐኪሟ የክኒኑን መጠን ልትጨምር ተዘጋጅታ ነበር። ልጃቸው ነርሷ በነገረቻት መሠረት በሣጥኑ ላይ ሁለት ጊዜ «9» ብላ ጽፋለች፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ፣ ሁለቱም ከምግብ ጋር። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር እቴቴ ጾማቸውን የሚፈቱት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሣጥኑም ዘጠኝ ይላልና ደስ ብሏቸው ከሰዓት በኋላ ከምሳቸው ጋር ይውጣሉ፤ የሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት ግን ምግብ በሌለበት ምን አድርገው ይውጡት? ትተውታል። የታዘዘላቸውን ግማሽ እየወሰዱ «መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?» ሲባሉ «ደቂቃ አላሳልፍም» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። በክፍል የተማርነው ዘዴ ያተረፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ገባዎት?» ከማለት ይልቅ ሰውዬው በራሱ አንደበት እንዲያስረዳ ማድረግ። «እቴቴ፣ ክኒኑን እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ለእኔ ያስተምሩኝ» ስላቸው ሁሉም ነገር በሁለት ደቂቃ ወጣ። ሐኪሟም መጠኑን ከመጨመር ይልቅ ሰዓቱን ከጾሙ ጋር አስማማችላቸው።

የኮርሱ ማጠቃለያ ሥራዬ በዚሁ ጉዳይ የተዘጋጀ የአንድ ገጽ የአማርኛ በራሪ ወረቀት ነበር። ቁጥር ጨርሶ አልተጠቀምኩም፤ ማንበብ ለሚከብዳቸው አረጋውያን ሥዕል ይሻላል ብለን ስለተማርን የምትወጣ ፀሐይና ጨረቃ ሣልኩ፣ ከጎናቸውም ክኒንና የምግብ ሰሐን አደረግሁ። ለአስተማሪው ከማስረከቤ በፊት ለእቴቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አራቅ አድርገው ካዩ በኋላ «ይቺ ፀሐይ እየወጣች ነው እየጠለቀች?» አሉኝ። መልሱን ሳዘገይ «ደግሞስ ሥዕሉ ለምንድን ነው? አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ማንበብ ተምሬያለሁ። ጠዋት ብለሽ ጻፊ፣ ማታ ብለሽ ጻፊ፤ ፊደሉን ግን ጎላ አድርጊው» አሉ። ያን ምሽት ፀሐይዋንም ጨረቃዋንም አጠፋኋቸው።